ከሳጥኑ እስከ ሳሎኑ፦ የቤት ሠራሽ ስፒከር ታሪክ ቅኝት

የስፒከር ኪት (ቤት ውስጥ የሚገጣጠም ጥቅል) ካርቶን ሲከፈት ከውስጡ የሚወጣው ነገር ያን ያህል አያስደንቅም። በልክ የተቆረጠ የኤምዲኤፍ ጣውላ፣ ለወፍራሙ ድምፅ ሁለት ዉፈር፣ ለቀጭኑ ሁለት ትዊተር፣ በላስቲክ የታሸጉ ካፓሲተሮች፣ የመዳብ ኮይሎችና ሬዚስተሮች፣ ጥቂት ብሎን፣ የተጠቀለለ ሽቦና አንድ ንድፍ። ኮላው፣ ብየዳውና ትዕግሥቱ የገዢው ድርሻ ናቸው። ገንዘብ የተከፈለበት ዋናው ነገር ግን በዓይን አይታይም። የትኛው ዉፈር ከየትኛው ትዊተር ጋር እንደሚስማማ፣ ስንት ሊትር ሳጥን እንደሚበቃው፣ ሁለቱ ድምፁን የት ላይ እንደሚከፋፈሉት አንድ ሌላ ሰው ለክቶ፣ አዳምጦና አርሞ ወስኗል። የሚሸጠው ያ ውሳኔ ነው።

የስፒከር ምስጢር የሚባለው ይኸው ውሳኔ ባለፉት መቶ ዓመታት ቤት ሲቀያይር ኖሯል። መጀመሪያ ፋብሪካ ውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ ከዚያ ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ድምፁን ወደሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር፣ በመጨረሻም ስፒከሩ ወደሚቀመጥበት ክፍል ተዛወረ። አንዱ ጥያቄ በተፈታ ቁጥር ቀጣዩ ከኋላው ብቅ ይል ነበር። ይህ ቅኝት ያንን ጉዞ ይከተላል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮኑ የፋብሪካ በነበረበት ዘመን

በ1915 ናፓ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ የዴንማርክ ተወላጁ ፒተር ጄንሰንና ባልደረባው ኤድዊን ፕሪድሃም በማግኔት መሃል የሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅልል ከጥሩንባ ጋር አገናኝተው የሰውን ድምፅ በአደባባይ የሚያጎላ መሣሪያ ሠሩ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ በሳን ፍራንሲስኮ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለተሰበሰበ ብዙ ሕዝብ አሰሙት። ጥሩንባ ግን ድምፁን ሲያጎላ የራሱን ቃና ይጨምርበታል። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1925፣ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ ጥሩንባ የማያስፈልገውን ስፒከር በጥናት አቀረቡ፤ በ1926 ደግሞ አርሲኤ የተባለው ኩባንያ ከማጉያው ጋር አስተሳስሮ ለገበያ አወጣው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከወረቀት ኮን ሥር ቀጭን የሽቦ ጥቅልል ይጣበቃል፤ ጥቅልሉ በማግኔት ይከበባል። የሙዚቃው ኤሌክትሪክ በጥቅልሉ ውስጥ ሲመላለስ ኮኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ኮኑ አየሩን ይገፋል። ዛሬ ኮኑ ፖሊፕሮፒሊን ወይም አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፤ ማግኔቱም ዓይነቱ ተለውጧል። በሙያው ሰዎች ዘንድ ድራይቨር የሚባለው ክፍል ግን በማንኛውም ኪት ውስጥ በመሠረቱ ያው የ1925ቱ ነው።

ችግሩ የኮኑ ጀርባ ነው። ኮኑ ወደ ፊት አየር ሲገፋ ጀርባው ያንኑ አየር ይስባል። በወፍራሙ ድምፅ ላይ የፊቱና የኋላው ሞገድ ተገናኝተው ይጣፋሉ። ድራይቨሩን ያለ ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ያጫወተ ሰው ቤዙ የት እንደገባ የሚጠፋበት ለዚህ ነው። ሳጥን ያስፈለገው የኋላውን ድምፅ ለመያዝ ነበር። የቤል ላብራቶሪው አልበርት ቱራስ ግን የታሰረው ድምፅ ለምን ይባክናል ብሎ በሳጥኑ ላይ ቀዳዳ አበጀ። ከሳጥኑ አየር ጋር የሚሠራው ይህ ቀዳዳ የኋላውን ሞገድ አዘግይቶ ከፊቱ ጋር በሚተባበርበት ሰዓት ያወጣዋል። የባለቤትነት መብቱን በ1932 አገኘ፤ ዛሬ በአብዛኛው ስፒከር ላይ የምናየው ክብ ቱቦ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

ሐሳቡ ቢታወቅም ልኩ አልታወቀም። ሳጥኑ ምን ያህል፣ ቀዳዳውስ ስንት ይሁን የሚለውን ለመመለስ ፋብሪካዎች ደጋግመው ሠርተው፣ ደጋግመው አፍርሰው ይሞክሩ ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ የሆሊውዱ ኤምጂኤም ለሲኒማ አዳራሾች ያሠራቸው ስፒከሮች ከሰው ቁመት የሚበልጡ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሬዲዮውን ራሱ የሚገጣጥም ሰው ብዙ ነበር፤ ስለ ስፒከር ሳጥን የሚያስተማምን ቁጥር የያዘ ግን አልነበረም።

መጋዙና መመሪያው

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ከሠራዊቱ የተረፈ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በርካሽ ወጣ፤ ጦርነቱ ሬዲዮና ራዳር ያስተማራቸው ወጣቶች ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ በ1948 ደግሞ በአንድ ፊት 20 ደቂቃ የሚያልፈው ኤልፒ ሸክላ መጣ። የሚደመጥ ነገርም፣ የሚሠራ እጅም ተገኘ።

በአሜሪካ ሚሺጋን፣ ቤንተን ሃርበር ውስጥ የነበረው ሂዝ ኩባንያ የዚህን ዘመን ስም አስጠራ። ኩባንያው በመጀመሪያ የሚሸጠው የአውሮፕላን ኪት ነበር። መሥራቹ ኤድዋርድ ሂዝ በ1931 በሙከራ በረራ ላይ ሞተ፤ በ1935 ሃዋርድ አንቶኒ ገዛው። አንቶኒ ከጦርነቱ የተረፉ ክፍሎችን ተጠቅሞ በ1947 ከ50 ዶላር የማይበልጥ የኦሲሎስኮፕ ኪት አወጣ። ማጉያው፣ ሬዲዮው፣ ስፒከሩና ቴሌቪዥኑ ተከተሉ። የሂዝኪት ትልቁ ፈጠራ መመሪያው ነበር። እያንዳንዱ እርምጃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፤ ከጎኑ ምልክት ማድረጊያ ባዶ ቦታ አለው። ሽቦውን ቁረጥ፣ ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ በይድ፣ ምልክት አድርግ፣ ወደ ቀጣዩ እለፍ። ኤሌክትሮኒክስ ያልተማረ ሰው ይህን ተከትሎ የሚሠራ መሣሪያ ያወጣ ነበር። ሂዝ የኪት ሽያጩን በ1992 እስኪያቆም ድረስ ብዙ መሐንዲስ ብየዳ የለመደው በእነዚህ ገጾች ላይ ነው።

በእንግሊዝ ነገሩን የመራው መጽሐፍ ነበር። ጊልበርት ብሪግስ ዋርፍዴል የተባለውን ድርጅት በ1932 በቤቱ ምድር ቤት የጀመረ ዮርክሻየር ሰው ነው። በ1948 ስለ ስፒከር ለተራው አንባቢ የሚሆን መጽሐፍ አሳተመ፤ ቀጥሎም ሌሎችን ጻፈ። በ1954 ለንደን በሚገኘው ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ ሙዚቀኞችን መድረክ ላይ አስቀምጦ የእነርሱን ጨዋታና የተቀዳውን ድምፅ አከታትሎ በማሰማት ሕዝቡ ራሱ እንዲያነጻጽር ጋበዘ። የእንጨቱ ሳጥን አብሮ እየተንቀጠቀጠ ድምፁን እንዳያበላሽ ደግሞ ሁለት ስስ ጣውላ አጋጥሞ በመሃላቸው አሸዋ ይሞላ ነበር። አሸዋ የትም ይገኛል፤ ከየትኛውም ላብራቶሪ የወጣ ምስጢር አይደለም። የቤት ሠሪው ወዲያው ተቀበለው።

በአሜሪካም ጄምስ ላንሲንግ በ1946 የመሠረተው ጄቢኤል ድራይቨር ከመሸጡ ሌላ የሳጥን ንድፍ ያወጣ ነበር፤ ንድፉን ይዞ ወደ አናጺ መሄድ ይቻል ነበር። በዚያው 1946 የአርካንሶው ፖል ክሊፕሽ ማዕዘን ላይ የሚቀመጥ ስፒከሩን አወጣ፤ የክፍሉ ሁለት ግድግዳዎች ለጥሩንባው ቅጥያ ሆነው ያገለግላሉ። ክፍሉ የስፒከሩ አካል ነው የሚለው ሐሳብ ያኔ ተገልጾ ነበር፤ ልብ ብሎ ለመረዳት ግን ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ።

የዘመኑ ቤት ሠሪ እንግዲህ ጥሩ እንጨት፣ ጥሩ ድራይቨርና ጥሩ መመሪያ ነበረው። ለሳጥኑ የሚከተለው ሕግ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ትልቅና ከባድ ይሁን።

ሳጥኑ በቁጥር ሲያዝ

ያንን ሕግ ያፈረሰው ኤድጋር ቪልቹር ነው። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቪልቹር ኮኑን ወደ ቦታው የሚመልሰው ጠንካራ ማንጠልጠያ ድምፁን እንደሚያበላሽ ተመለከተ። ማንጠልጠያውን አላልቶ፣ ኮኑን ጥርቅም ተደርጎ በተዘጋ ትንሽ ሳጥን ውስጥ የታሰረው አየር እንዲመልሰው አደረገ። አየር ከጨርቅና ከወረቀት ይልቅ ያልተዛነፈ ምላሽ ይሰጣል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሐሳቡን አልፈለጉትም፤ ስለዚህ በ1954 ከቀድሞ ተማሪው ከሄንሪ ክሎስ ጋር አኮስቲክ ሪሰርች የተባለውን ድርጅት በማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ከፈተ። ኤአር-1 የተባለው ስፒከር መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሆኖ ሳለ ቁም ሣጥን የሚያህሉት የማያወጡትን ቤዝ አወጣ። ሁለት ስፒከር የሚጠይቀው ስቴሪዮ ሸክላ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲመጣ የትንሹ ሳጥን ጥቅም በእጥፍ ጨመረ።

ይህ ትንሽ ሳጥን ዋጋ ያስከፍል ነበር። የክሎስ ቀጣይ ባልደረባ አንቶን ሆፍማን ዋጋውን በአጭሩ አስቀመጠው። ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝ፣ በትንሽ ኃይል ብዙ ድምፅ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ምረጥ፣ ሦስተኛውን ተው። የሆፍማን የብረት ሕግ የሚባለው ይህ ነው። እስካሁን የሻረው የለም፤ ጥልቅ ቤዝ ብቻ የሚያወጣው ዘመናዊው ትንሽ ሰብዉፈር በትልቅ ማጉያ የሚነዳው ሦስተኛውን ስለተወ ነው።

ሕጉን ወደ ሒሳብ የለወጡት ሁለቱ ሰዎች የሠሩት በአውስትራሊያ ነው። ኔቪል ቲል በ1961 ባወጣው ጥናት ቀዳዳ ያለው ሳጥን ከነድራይቨሩ ልክ እንደ ኤሌክትሪክ ፊልተር ሊታሰብ እንደሚችል አሳየ። የፊልተር ሒሳብ ደግሞ ድሮ ተሠርቶ በሠንጠረዥ ተቀምጦ ነበር። ጥናቱ የወጣው በአገር ውስጥ መጽሔት ስለነበር ብዙ ሰው አላነበበውም፤ በ1971 የአሜሪካው የኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ሶሳይቲ ጆርናል ደግሞ ሲያወጣው ነው ዓለም ያወቀው። በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን የሠራው ሪቻርድ ስሞል በ1972 እና 1973 ባወጣቸው ተከታታይ ጽሑፎች ሥራውን አስፋፍቶ ጨረሰው። ከዚያ ወዲህ ድራይቨር ሁሉ ቲል-ስሞል የሚባሉ ቁጥሮችን ይዞ ይሸጣል።

ለሳጥን የሚያስፈልጉት ሦስቱ ናቸው፤ ድራይቨሩ ያለ ሳጥን በተፈጥሮው የሚንቀጠቀጥበት ድግግሞሽ፣ የማንጠልጠያው ልስላሴ በሊትር አየር ሲለካ፣ እና ያ መንቀጥቀጥ ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሳየው ኪው የሚባል ቁጥር። ለምሳሌ ድግግሞሹ 30 ኸርዝ፣ የአየር ልኩ 60 ሊትር፣ ኪው 0.35 የሆነ ዉፈር አለን እንበል። በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ኪው 0.707 ላይ እንዲያርፍ ከፈለግን፣ 0.707ን ለ0.35 አካፍለን 2.02 እናገኛለን። ይህን በራሱ አባዝተን 1 ስንቀንስ 3.08 ይሆናል፤ 60 ሊትርን ለ3.08 ስናካፍል 19.5 ሊትር ይመጣል። ድግግሞሹም በዚያው በ2.02 ተባዝቶ ወደ 60 ኸርዝ ይወጣል። ስፋቱ 20፣ ጥልቀቱ 25፣ ቁመቱ 40 ሴንቲሜትር የሆነ የውስጥ ልክ 20 ሊትር ነው። አናጺው ሥራ መጀመር ይችላል።

ከዚያ 10 ዓመት በፊት ፋብሪካ በሙከራ የሚደርስበት ነገር በወረቀት ጀርባ ላይ አለቀ። ኪስ የሚገባው የሂውለት ፓካርድ ሳይንሳዊ ካልኩሌተር የወጣውም በ1972 ነበር፤ ቀመሩና ማስያው በአንድ ዓመት ደረሱ። ሳጥኑ ምስጢር መሆኑ ቀረ።

ወደ ክሮስኦቨሩ

ሳጥኑ ሲፈታ ጆሮ ሌላ ነገር መስማት ጀመረ። አንድ ኮን ሁሉንም ድምፅ አይችልም፤ የ20 ኸርዝ ሞገድ 17 ሜትር ይረዝማል፣ የ20 ሺህ ኸርዙ 17 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ወፍራሙ ለዉፈር፣ ቀጭኑ ለትዊተር ይከፋፈላል። አከፋፋዩ ክሮስኦቨር ነው። ካፓሲተር ወፍራሙን ያግዳል፣ ኮይል ቀጭኑን ያግዳል። 4.7 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር ከ8 ኦም ትዊተር በፊት ቢገባ ከ4,200 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ቀስ እያለ ይቀንሰዋል። በወረቀት ላይ ነገሩ እዚህ ያበቃል። በተግባር ግን 8 ኦም የተባለው ትዊተር በሁሉም ድግግሞሽ ላይ 8 ኦም አይደለም፤ ኮኑ የራሱ ጉብታና ጎድጓዳ አለው፤ የሳጥኑ ፊት ጠባብ ሲሆን ወፍራሙ ድምፅ ወደ ኋላ ዞሮ እስከ 6 ዴሲቤል ይጠፋል። ከአንድ ገበያ አንድ ዓይነት ቅመም የገዙ ሁለት ሴቶች በርበሬያቸው የማይመሳሰለው በምጥኑ ነው፤ ከአንድ ካታሎግ አንድ ዓይነት ድራይቨር የገዙ ሁለት ሠሪዎችም ስፒከራቸው የሚለያየው በክሮስኦቨሩ ነው።

ይህን ምጥን በጥንቃቄ በመሥራት የታወቁት እንግሊዞች ናቸው። ከቢቢሲና ከዋርፍዴል የወጣው ሬይመንድ ኩክ በ1961 በኬንት ኬኢኤፍ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ቢቢሲ በ1970ዎቹ ለጠባብ የስርጭት መኪኖች ያዘጋጀው ኤልኤስ 3/5ኤ የተሠራው በኬኢኤፍ ድራይቨሮች ነው። ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ክሮስኦቨሩ ግን ለመጠኑ የማይመጥን ውስብስብ ነበር። ከኬኢኤፍ የመጀመሪያ መሐንዲሶች አንዱ የነበረው ማልኮም ጆንስ በ1972 ፋልከን የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ ክሮስኦቨርና ክፍሎቹን ለቤት ሠሪ ማቅረብ ጀመረ። የፋብሪካው እውቀት በከፊል በፖስታ መላክ የጀመረው ያኔ ነው።

የዚህ ምጥን እውቀት ሁለተኛው ምንጭ የሂውለት ፓካርድ መሐንዲስ የነበረው ጀርመን ተወላጁ ሲግፍሪድ ሊንክዊትዝ ነው። የዕለት ሥራው ከስፒከር ጋር የማይገናኝ የመለኪያ መሣሪያ ነበር፤ ስፒከር የትርፍ ጊዜው ነበር። በ1976 ባወጣው ጥናት ዉፈርና ትዊተር በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ድምፃቸው ሳያብጥና ሳይጎድል የሚደመርበትን አከፋፈል አሳየ። ከባልደረባው ከራስ ራይሊ ስም ጋር ተጣምሮ ሊንክዊትዝ-ራይሊ የሚባለው ይኸው ነው፤ ዛሬ ድምፁን ለስፒከሮቹ በሚያድሉ የቤት ሲኒማ ሪሲቨሮችና በኮንሰርት መሣሪያዎች ውስጥ ተገንብቶ ይገኛል። ሊንክዊትዝ በ2018 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ንድፎቹን ለቤት ሠሪዎች እያቀረበ ኖሯል።

በ1980 በኒው ሃምፕሸር ስፒከር ቢልደር የተባለው መጽሔት መታተም ጀመረ። ጆሴፍ ዳፖሊቶ በ1983 ሁለት ሚድሬንጅ (የመካከለኛው ድምፅ ድራይቨር) ከላይና ከታች፣ ትዊተር በመሃል የሚቆምበትን አደራደር አቀረበ፤ ቫንስ ዲካሰን ደግሞ ሳጥንና ክሮስኦቨርን አንድ ላይ የሚያስተምር፣ ደጋግሞ የታተመ መጽሐፍ አዘጋጀ። ከኖርዌይ ሲያስ፣ ከዴንማርክ ስካን-ስፒክ፣ ቪፋና ፒርለስ ለታላላቅ ፋብሪካዎች የሚሸጡትን ድራይቨር ለግለሰብም ሸጡ። በአሜሪካ የዊስኮንሲኑ ማዲሳውንድና በ1986 የተመሠረተው የኦሃዮው ፓርትስ ኤክስፕረስ የእነዚህ መደብር ሆኑ። የዛሬው ኪት፣ ማለትም ድራይቨር፣ ሳጥንና የተፈተነ ክሮስኦቨር በአንድ ካርቶን፣ ቅርጹን የያዘው እዚህ ላይ ነው።

ኪቱን የሚገጥም ሰው የሚያየው ይህን ሁሉ አይደለም፤ የሚጠነቀቀው ለእጅ ሥራው ነው። ኮይሎቹን ጎን ለጎን አያስቀምጣቸውም፤ አንዱን አጋድሞ ሌላውን ያቆማል፣ አለዚያ የአንዱ ማግኔታዊ መስክ ወደ ሌላው ይገባል። ትዊተሩን ንድፉ አዙረህ አገናኝ ሲለው ስህተት መስሎት አያርመውም። የዉፈሩን አዎንታዊና አሉታዊ ምልክት ከተጠራጠረ 1.5 ቮልት ባትሪ በሁለት ሽቦ ለቅጽበት ያስነካል፤ አዎንታዊው ከአዎንታዊው ጋር ሲነካካ ኮኑ ወደ ፊት ከወጣ ልክ ነው። ጣውላውን በኮላ አጣብቆ በሞርሳ ካሰረ በኋላ ኮላው እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ መገጣጠሚያው አየር ካሳለፈ የቲል ሒሳብ ሁሉ በዚያች ስንጥቅ ይወጣል። ከዚያ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ቀለም ይከተላሉ። የኤምዲኤፍ ብናኝ ለሳንባ አይበጅምና መጋዙ ሲነሳ ማስክ ይደረጋል።

ሲኒማው ሳሎን ሲገባ

እስከዚህ ድረስ ስፒከር ሠሪው የሚያስበው ስለ ሁለት ስፒከርና ስለ ሙዚቃ ነበር። ሲኒማው ቁጥሩንም ጉልበቱንም ቀየረው። በ1974 ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የተሠራ አንድ ፊልም ሲታይ ሴንሰራውንድ በተባለ ስልት ሰርዊን-ቬጋ የሠራቸው ግዙፍ የቤዝ ስፒከሮች አዳራሹን አንቀጥቅጠዋል። በ1977 ስታር ዎርስ የተባለው ፊልም ዶልቢ ስቴሪዮ የሚባለውን የሲኒማ ድምፅ ስልት ኃይል ለሕዝብ አሳየ። የቤት ስልቶቹ፣ በ1982 ዶልቢ ሰራውንድ፣ በ1987 ፕሮ ሎጂክ፣ ወደ ቤት ገቡ። በ1992 ባትማን ሪተርንስ የተባለው ፊልም ከዲጂታል የዶልቢ ድምፅ ጋር ሲኒማ ቤት ደረሰ። ዲቪዲ በ1996 መጨረሻ በጃፓን፣ በ1997 በአሜሪካ ሲወጣ 5.1 የሚባለው አደራደር፣ አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር፣ የሳሎን ዕቃ ሆነ። በ2014 ዶልቢ አትሞስ ወደ ቤት ሲመጣ ጣራውም ስፒከር ጠየቀ።

ለኪት ይህ ትልቅ ዕድል ነበር። ከመደብር ሁለት ጥሩ ስፒከር መግዛት የቻለ ሰው ሰባት ለመግዛት ያመነታል። ስፒከሮቹም ተመሳሳይ ድምፅ ሊኖራቸው ይገባል፤ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፍ መኪና መሃል ላይ ሲደርስ ሌላ መኪና መምሰል የለበትም። አንዱን ኪት ደጋግሞ መሥራት ሁለቱንም ችግር ያቀላል። ሰብዉፈር ደግሞ ለጀማሪ ሁሉ በር ከፈተ። ድምፁን 80 ኸርዝ አካባቢ የሚከፋፍለው ሪሲቨሩ ራሱ ስለሆነ ለሰብዉፈር የሚሠራ ክሮስኦቨር የለም፤ ድራይቨር፣ ሳጥንና ማጉያ ይበቃል። በ1990ዎቹ አንዳንዱ ሠሪ ጣውላውንም ትቶ የኮንክሪት ምሰሶ የሚሞላበትን ወፍራም የካርቶን ቱቦ ገዛ። ክብ ነገር ውስጡ የታመቀውን አየር ከጠፍጣፋ ጣውላ በተሻለ ይቋቋማል፤ ክዳን፣ ድራይቨርና ቀዳዳ ሲጨመርበት ያለቀ ሰብዉፈር ነው።

ጥልቅ ቤዝ ግን አይጨበጥም። ድምፁን በእኩል ጉልበት ለማውጣት ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር ኮኑ አራት እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት። በ40 ኸርዝ 3 ሚሊሜትር የተንቀሳቀሰ ኮን በ20 ኸርዝ 12 ሚሊሜትር ይጠየቃል። የዛሬ ቤት ሠሪ 18 ኢንች ዉፈር የሚገዛው ከታይታ ይልቅ በዚህ ሒሳብ ምክንያት ነው። ለፊት ስፒከሮችም እንዲሁ ነው። በ1 ዋት 85 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር ለሲኒማ ከፍታ የሚጠቀሰውን 105 ዴሲቤል በ1 ሜትር ላይ ለማውጣት 100 ዋት ይፈልጋል፤ 95 የሚያወጣው ግን 10 ዋት ይበቃዋል። በ2010ዎቹ አንዳንድ የኪት ሠሪዎች ድምፅ ወደሚያጎላው የሲኒማ አዳራሽ ጥሩንባ መሰል ቅርጽ የተመለሱት ለዚህ ነው።

አንድ ቀላል የሚመስል ስህተትም በዚሁ ዘመን ተስፋፋ። የዳፖሊቶ አደራደር የታሰበው ቆሞ ነው። ከቴሌቪዥኑ ሥር እንዲገባ ሲባል ግን ተጋደመ፤ የመሃል ስፒከር ሁሉ ይህን መሰለ። ሁለቱ ኮኖች በ25 ሴንቲሜትር ተራርቀው ተኝተዋል እንበል። የ2,000 ኸርዝ ሞገድ 17 ሴንቲሜትር ነው። ከመሃል 20 ዲግሪ ገደማ ዘወር ብሎ የተቀመጠ ሰው ጋ የአንደኛው ድምፅ ከሌላው በግማሽ ሞገድ ዘግይቶ ይደርስና ይጣፋሉ። ሦስት ሜትር ላይ ላለ ሶፋ ይህ ከመሃል አንድ ሜትር ብቻ ነው። የተዋናዩን ንግግር አባወራው ሲሰማ ጎኑ የተቀመጠው ሰው ምን አለ ብሎ የሚጠይቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መፍትሔው ስፒከሩን ማቆም፣ ካልሆነም ትዊተሩን ከሚድሬንጁ በላይ መሃል ላይ መደርደር ነው።

መለኪያው ከጆሮ ጋር ሲፎካከር

ለረጅም ጊዜ ስፒከርን በወጉ መለካት የሚችለው ማሚቶ የሌለው ክፍል ያለው ድርጅት ብቻ ነበር። በ1987 ኤምኤልኤስኤስኤ የተባለው በኮምፒዩተር ውስጥ የሚገባ የመለኪያ ካርድ ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣውን ድምፅ በጊዜ ቆርጦ በመጣል ተራ ክፍልን ለመለኪያ አበቃ። ዛሬ ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ በዩኤስቢ የሚሰካ የተፈተሸ ማይክሮፎንም ከመካከለኛ ዉፈር የማይበልጥ ዋጋ አለው። ክሮስኦቨሩን በስክሪን ላይ ሠርቶ ውጤቱን አስቀድሞ የሚያሳይ ፕሮግራምም አለ። ድሮ እንደ ኬኢኤፍና ቢቢሲ ያሉ ድርጅቶች ብቻ ያዩት የድምፅ ልኬት መስመር አሁን ሳሎን ውስጥ ይሳላል።

ለምን መለካት ያስፈልጋል፣ ጆሮ አይበቃምን? ከ1965 ጀምሮ በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ካውንስል ይሠራ የነበረው ፍሎይድ ቱል ለዚህ ጥያቄ ዕድሜውን ሰጥቷል። ስፒከሮችን ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጦ አድማጮችን ሲጠይቅ አብዛኞቹ የሚመርጡት ተመሳሳይ ነበር፤ ከፊትም ከጎንም ሲለካ ድምፁ የማይዛነፈውን። በኋላም በ1994 ከሾን ኦሊቭ ጋር መጋረጃውን ገልጠው ሲሞክሩ ያው አድማጭ ውጤቱን ቀየረ፤ መልክና ስም ጆሮን አሳቱት። ፋብሪካ ለገበያው ሲል ይህን ትምህርት መቀበል አለበት። የቤት ሠሪው ግን የበለጠ ያስፈልገዋል። ሳምንታት የደከመበትን፣ በእጁ ያሸውን፣ ቫርኒሽ የቀባውን ስፒከር የሚያዳምጥ ሰው ገለልተኛ ዳኛ አይደለም። ማይክሮፎኑ ማን እንደሠራው አያውቅም።

የመጨረሻው ክፍል

ማይክሮፎኑ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ግን የሚያሳየው ነገር ሠሪውን ያስደነግጣል። ፋብሪካው ውስጥ ቀጥ ያለው መስመር ቤት ውስጥ ተራራና ሸለቆ ሆኗል። ምክንያቱ ክፍሉ ነው። ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ ክፍል 34 ኸርዝ አካባቢ በራሱ ይጮኻል፤ በግድግዳው ጥግ ቤዙ ያብጣል፣ በመሃል ይጠፋል። ድራይቨሩን የሚለውጥ፣ ካፓሲተሩን በውድ የሚተካ ሰው ይህን አያስተካክለውም። በ2002 ሃርማን የተባለው የኦዲዮ ኩባንያ ተመራማሪ ቶድ ዌልቲ አንድ ኃይለኛ ሰብዉፈር ከማስቀመጥ ይልቅ ሁለት በትይዩ ግድግዳዎች መሃል፣ ወይም አራት በየማዕዘኑ ማስቀመጥ ቤዙን ለሁሉም ወንበር እንደሚያስተካክል አሳየ። ይህ ለኪት የተዘጋጀ መፍትሔ ይመስላል፤ አራት ሰብዉፈር ከመደብር መግዛት ቅንጦት ነው፣ አራት ሳጥን መሥራት ግን የአንዱን ልፋት መድገም ነው።

ለአዲስ አበባ አንባቢ ስሌቱ ትንሽ ይለያል። ከካርቶኑ ውስጥ ክብደት ያለው ጣውላው ነው፤ ጣውላና አናጺ ደግሞ እዚህ አሉ። ድራይቨሩንና የክሮስኦቨሩን ክፍሎች ብቻ አስመጥቶ ሳጥኑን በንድፉ ልክ እዚህ ማሠራት ለጭነትም ለኪስም ይሻላል፤ የውስጡ ሊትርና የፊቱ ስፋት እስካልተነካ ድረስ ቁሱ ኤምዲኤፍም ይሁን ጥሩ ኮምፐንሳቶ ብዙ አይለውጥም። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰብዉፈር ማጉያ ግን ለ115 ቮልት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ከመሰካቱ በፊት 220 መቀበሉ ይታይ።

መቶ ዓመቱ ያለፈው ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው ሊተላለፍ የሚችለውን ሁሉ በማስተላለፍ ነው። ድራይቨሩ ይገዛል፤ የሳጥኑ ሒሳብ በወረቀት ይያዛል፤ የክሮስኦቨሩ ምጥን በካርቶን ይላካል። የአንድ ቤት ሳሎን ግን የሌላውን አይመስልም፤ የእርሱን ውሳኔ በኪት የሚልክ የለም። ስለዚህ ዛሬ በጀት የሚያወጣ ሠሪ ከውዱ ካፓሲተርና ከወርቅ ቅቡ መሰኪያ በፊት ማይክሮፎኑን ይግዛ፤ ሁለተኛ ሰብዉፈር ያስብ፤ ሶፋውንም ከኋላው ግድግዳ ያርቅ። ለስፒከሩ ብዙ መሐንዲሶች አስበውለታል፤ ክፍሉን የሚያስብለት ባለቤቱ ብቻ ነው።